ሦስት ጠርሙስ በ10 ፓውንድ፦ የርካሽ መጠጥ ረጅም ታሪክ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2011 የስኮትላንድ ሱፐርማርኬቶች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ከመደርደሪያቸው እንዲያነሱ ሕግ አስገደዳቸው፤ «ሦስት ሲገዙ በሁለት ዋጋ»፣ «ሦስት ጠርሙስ ወይን በ10 ፓውንድ» የሚለውን። የሕጉ ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ጠርሙስ ሊገዛ የገባ ሰው በቅናሽ ተታልሎ ሦስት ይዞ ከወጣ፣ ሦስቱም መጠጣታቸው አይቀርም። ነጋዴው ግን ብዙ አልተቸገረም። አንዳንዶቹ እያንዳንዱን ጠርሙስ በ3 ፓውንድ ከ33 ፔንስ ለጥፈው መሸጣቸውን ቀጠሉ። ማስታወቂያው ጠፋ፤ ርካሹ ዋጋ ግን በቦታው ነበር።

ውጤቱን የመዘኑ ጥናቶች አልተስማሙም። የሱቆችን ሽያጭ የተከታተለው ጥናት፣ ተገዝቶ ወደ ቤት የሚሄደው አልኮል 2.6 በመቶ ያህል እንደቀነሰ፣ ቅነሳውም በወይን ላይ ጎላ ብሎ እንደታየ ደረሰበት። የቤተሰቦችን ግዢ የመዘገበው ሌላው ጥናት ደግሞ በጠቅላላው መጠን ላይ ለውጥ አላገኘም፤ ቢራና ሳይደር (ከፖም የሚጠመቅ መጠጥ) የሚገዙት በአንድ ጊዜ የሚወስዱትን ቀንሰው ቶሎ ቶሎ ይመለሱ ነበር። እኔ ከሁለቱም የምረዳው አንድ ነገር ነው፦ የቅናሽን መልክ ከልክሎ ዋጋውን ራሱን ያልነካ ሕግ ጉዳትን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው።

ዋጋን መንካትም ልክ እንደሚያስፈልገው ደግሞ ለንደን ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በከባድ ዋጋ ተምራለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እህል ረክሶ ነበር፤ ባለርስቶቹም እህላቸውን ለአረቄ አውጪዎች እየሸጡ ስለሚጠቀሙ ፓርላማው ጂን የተባለውን አረቄ ለመንካት አልቸኮለም። ድሃው ሰፈር በጥቂት ሳንቲም ሲሰክር ከቆየ በኋላ በ1736 ከባድ ሕግ መጣ፦ ለችርቻሮ ፈቃድ በዓመት 50 ፓውንድ፣ በእያንዳንዱ ጋሎን ላይ የ20 ሽልንግ ግብር። በመንገድ ዳር በቅርጫት ይዛ የምትሸጥ ሴት 50 ፓውንድ በዕድሜዋም አታይም። ስለዚህ ንግዱ ወደ ጓዳ ገባ። ዱድሊ ብራድስትሪት የተባለ ሰው በመስኮቱ ላይ የድመት ምስል አቆመ፤ ገዢው በድመቷ አፍ ሳንቲም ሲከት፣ ከእግሯ ሥር በወጣ ቧንቧ ጂኑ ይወርድለታል። ሻጩ ማን እንደሆነ ስለማይታይ የሚመሰክርበት አልተገኘም። ጠቋሚዎች በየጥቆማው 5 ፓውንድ ይከፈላቸው ስለነበር ሕዝቡ በየመንገዱ ያሳድዳቸው ነበር። ሕጉ በ1743 ተሻረ።

ዊልያም ሆጋርት «የጂን ጎዳና» የተባለውን ሥዕሉን ባሳተመበት በ1751 የወጣው ሕግ የተሻለ አሰበ። አረቄ አውጪው በቀጥታ በችርቻሮ እንዳይሸጥ አገደ፣ ፈቃዱን ለታወቁ ቤቶች ብቻ ሰጠ፣ ግብሩንም ሊከፈል በሚችል ልክ አስተካከለ። የጂኑ መጠን ወረደ። በእርግጥ በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ አዝመራው ስለተበላሸ ከእህል አረቄ ማውጣት ለጊዜው መከልከሉም አግዟል።

ዋጋ ራሱ ሲነካ ምን እንደሚሆን ሌሎች አገሮችም አሳይተዋል። ዴንማርክ በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእህል እጥረት ምክንያት የአረቄዋን ዋጋ ከአሥር እጥፍ በላይ ከፍ አደረገች። ሕዝቡ ወደ ቢራ ዞረ፤ በመጠጥ ብዛት እየቃዡና እየተንቀጠቀጡ ሆስፒታል የሚገቡት ሰዎች ቁጥርም በእጅጉ አሽቆለቆለ። ፊንላንድ ተቃራኒውን አሳየች። በ2004 ኢስቶኒያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን ዜጎቼ ከዚያ ርካሽ መጠጥ ያግዛሉ ብላ የአልኮል ግብሯን በአማካይ በሲሶ ቀነሰች። ከመጠጥ ጋር የተያያዘው ሞት ወዲያው ጨመረ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ግብሩን መልሳ ከፍ አደረገች።

ስኮትላንድም ከ2011ዱ ሕግ ጉድለት ተነሥታ ወደ ዋጋው ወለል ሄደች። በሕጉ አንድ ዩኒት 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው፤ ማንም ሻጭ አንዱን ዩኒት ከ50 ፔንስ በታች መሸጥ አይችልም ነበር። የስኮች ውስኪ ማኅበር በፍርድ ቤት ለዓመታት ተከራከረ፤ ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ካለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ ተመለሰ፤ በኖቬምበር 2017 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመንግሥት ፈረደ፤ ሕጉም ሜይ 1 ቀን 2018 ሥራ ላይ ዋለ። ምን እንደለወጠ በአንድ ዕቃ ላይ ማየት ይቻላል። 7.5 በመቶ አልኮል ያለው ባለ 3 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሳይደር 22.5 ዩኒት ይይዛል። ከዚያ በፊት ከ4 ፓውንድ ባነሰ ይገኝ ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከ11 ፓውንድ ከ25 ፔንስ በታች መሸጥ ወንጀል ሆነ። በመጠጥ ቤት ውስጥ የሚጠጣው ቢራ ድሮም ከወለሉ በላይ ስለነበር አልተነካም።

በ2023 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመው ጥናት ስኮትላንድን ከእንግሊዝ ጋር አነጻጽሮ፣ በአልኮል ብቻ የሚመጣው ሞት ሕጉ ባይኖር ይጠበቅ ከነበረው በ13.4 በመቶ ያነሰ መሆኑን ገመተ፤ በዓመት ወደ 150 ሰው ማለት ነው። ይበልጡን የተረፉት በድሃ ሰፈር ያሉት ናቸው። ሕጉ ድሃውን ይጎዳል ለሚሉት ይህን አስቀድሜ አነሣለሁ።

ሕጉ አልሠራም የሚለው ሌላው ክርክር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በስኮትላንድ ከኮሮና ወዲህ ሞቱ እንደገና ወጥቶ በ2023 ብቻ 1,277 ሰው ሞቷል፤ ወለሉ በሌለባት እንግሊዝም ሞቱ በጣም ጨምሯል። ሱስ የያዛቸው አንዳንዶች ደግሞ መጠጡን ሳይተዉ ከምግብና ከማሞቂያ ቀነሱ። ለእነርሱ ዋጋ መድኃኒት አይሆንም፤ ሐኪምና አልጋ ያስፈልጋቸዋል። ወለሉ ግብር ስላልሆነ በጭማሪው የሚገኘው ገንዘብ ከነጋዴው ኪስ መግባቱን እኔ ትልቅ ስሕተት እለዋለሁ፤ ለሕክምና መዋል ነበረበት። ኑሮ ሲወደድ 50 ፔንስ አቅም በማጣቱም በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ወደ 65 ፔንስ ከፍ ብሏል።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፣ የገዢውንም ዕድሜ 21 አድርጓል። የስኮትላንድን ስሌት እንዳለ ማምጣት ግን አይቻልም፤ ጠላና አረቄ በየቤቱ ነው የሚጠመቀውና የሚወጣው፣ የአልኮል መጠኑን የሚናገር ወረቀት አልተለጠፈበትም። በፋብሪካ ታሽጎ በሚወጣው ቢራና ሌላ የአልኮል መጠጥ ላይ ግን በሊትር ውስጥ ባለው ንጹሕ አልኮል ልክ ዝቅተኛ ዋጋ መወሰን፣ «ሁለት ሲገዙ አንድ በነጻ» የሚለውንም አብሮ ማገድ ይቻላል፤ ተቆጣጣሪው የሚያነበው ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ታትሟል።