የእረኛው ዋሽንት በታላቁ የሙዚቃ ጉባኤ ፊት
የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ሕይወትና ሥራ

ከቢቸና ተነሥቶ በጉንደ ወይን በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ፣ በስተምዕራብ የጮቄን ተራራ፣ በስተምሥራቅ የዓባይን ቆላ አድርጎ ሲያልፍ፣ ሁለት የዜማ ርስቶች ጎን ለጎን የሚኖሩበትን አገር ያቋርጣል። አንደኛው በመርጡለ ማርያምና በዲማ ጊዮርጊስ፣ እነዚህንም በመሳሰሉ ጥንታውያን ገዳማትና አድባራት በበዓላት ሌሊት የሚቆመው ማኅሌት ነው፤ ሁለተኛውም ከብት ጠባቂው ብላቴና ከሸምበቆ ቆርጦ፣ አራት ቀዳዳ በስቶ፣ በመስክ ላይ የሚነፋው ዋሽንት ነው።

የብዙ ሰዎችን ድምፅ በአንድ ሥርዓት አስማምቶ መምራት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ጥበብ አይደለም። መሪጌታው ዜማውን ሲያነሣ፣ በቀኝና በግራ የቆሙት ደባትር እየተቀባበሉ፣ መቋሚያውና ጸናጽሉ፣ ከበሮውም ሳይቀር ጊዜውን ጠብቆ ሲገባ፣ አመራሩ ሁሉ በሊቁ ልቡና ያደረ ነው። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው ምእት ዓመት በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የደረሰው ዜማም በቃል ብቻ የቀረ አይደለም፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በፊደሉ ላይ ምልክት እያኖሩ ለትውልድ እንዳቆዩት ሊቃውንቱ ያስተምራሉ።

በአውሮጳ ሥርዓት የተቋቋመው ኦርኬስትራ ግን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቅርብ ዘመን ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች መንገዱን ከጠረጉ በኋላ፣ በ1924 ዓልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በመዘምራን ማኅበርና በቴአትር ቤት የብዙ ኢትዮጵያውያን መምህር ሆኑ። የእነዚህ ሰዎች ውለታ የሚዘነጋ አይደለም፤ ነገር ግን የአገሩን ዜማ ከውስጥ የሚያውቅና የዓለሙን ኦርኬስትራ ሕግም ጠንቅቆ የተማረ ኢትዮጵያዊ መሪ ገና ይጠበቅ ነበር።

አሸናፊ ከበደ በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ከተመረቁ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመውንም የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቁመው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በውጭ አገር ጥበብ የሠለጠኑት ሊቅ የሚመሩት ቤት የአክሱሙን ማኅሌታይ ስም መያዙ፣ ለትምህርቱ መሠረት የሚሆነው ከቤት ያለው ሀብት መሆኑን የሚያስገነዝብ ነው።

የሥራቸው ፍሬ ጎልቶ የታየው በ1967 ነው። በዚያ ዓመት ወደ ሀንጋሪ ሄደው፣ የሀንጋሪን የመንግሥት ኦርኬስትራ እየመሩ፣ «ሰላም ለኢትዮጵያ» እና «እረኛው ባለ ዋሽንት» የሚል ትርጓሜ ያላቸውን የራሳቸውን ድርሰቶች አስቀረጹ። የሀንጋሪ ሐያስያንም «ጥቁሩ ኮዳይ» አሏቸው። ይህ ስም የቱን ያህል ክብር እንደሆነ የሚታወቀው የኮዳይን ሥራ ለሚያስታውስ ሰው ነው፤ ዞልታን ኮዳይ ከ1905 ጀምሮ፣ ኋላም ከባልደረባው ከቤላ ባርቶክ ጋራ፣ የሀንጋሪን መንደሮች እየዞረ የገበሬውን ዜማ ከባላገሩ አፍ የሰበሰበ፣ በዚያም ላይ የአገሩን ዘመናዊ ሙዚቃና የሕፃናትን የሙዚቃ ትምህርት የመሠረተ ሊቅ ነበር። እንግዲህ ሀንጋሪያውያን ይህን ስም ለኢትዮጵያዊ ሲሰጡ፣ አገራቸው የምታከብረውን ሥራ በእርሳቸውም ዘንድ ማየታቸውን መመስከራቸው ነው።

በዚያው በ1967፣ በኅዳር ወር፣ በሩቅ ምሥራቅ የተወለደ ሌላ ወጣት ተመሳሳይ ሥራ በኒው ዮርክ ፈጸመ። ይህ ሰው በ1935 የተወለደው ጃፓናዊው ሴይጂ ኦዛዋ ነው፤ ፒያኖ ይማር የነበረው ብላቴና በራግቢ ጨዋታ ጣቶቹ ቢጎዱበት በመምህሩ በሂዴኦ ሳይቶ ዘንድ የኦርኬስትራ አመራር ተምሮ፣ በ1959 በፈረንሳይ በቤዛንሶን ውድድር አንደኛ የወጣ፣ በኋላም ከ1973 ጀምሮ ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት የቦስተንን ኦርኬስትራ የመራ፣ በ2024 ያረፈ ስመ ጥር መሪ ነው። በዚያ ኅዳር የኒው ዮርክን ፊልሃርሞኒክ እየመራ ያሰማው የአገሩ ሰው የቶሩ ታኬሚትሱ ድርሰት ቢዋ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያና ሻኩሃቺ የሚባለውን የቀርከሃ ዋሽንት በታላቁ ኦርኬስትራ ፊት ያቆመ ነበር። እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ፣ አንዱ በሀንጋሪ፣ ሁለተኛው በአሜሪካ፣ የአባቶቻቸውን ዋሽንት በዓለም የሙዚቃ ጉባኤ የክብር ወንበር አሰጡት።

አሸናፊ ከጃፓን ጥበብ ጋራ ያላቸው ዝምድናም በዚህ አላበቃም። «ኮቱሬዥያ» የተባለውን ድርሰታቸውን ለፍሉት፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ኮቶ ለሚባለው የጃፓን ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ጻፉት። የኢትዮጵያ ቅኝቶች፣ ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ በአምስት ድምፆች እንደሚቆሙ ሁሉ የኮቶም ባህላዊ ቅኝት በአምስት ድምፆች የተመሠረተ ነውና፣ ሁለቱ ሕዝቦች በዜማ ቢነጋገሩ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ከሀንጋሪው ሥራ ወዲያ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በ1971 የዶክትሬት ማዕርግ ተቀብለው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ፤ በኋላም በፍሎሪዳ ግዛት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። ስለ ክራር፣ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃና ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ጥናቶችን አሳተሙ፤ በ1982 የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥር የሚመረምር መጽሐፍ አወጡ። በ1998 ከትውልድ አገራቸው ርቀው ዐረፉ።

ከዚህ ሊቅ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ኦርኬስትራን መምራት በቀጭን በትር ጊዜ መቁጠር ብቻ አይደለም፤ የመሪው ልክ የሚታወቀው በፊቱ ለተሰበሰቡት እንግዶች ከራሱ ወገን ምን ይዞላቸው እንደቀረበ ነው። አሸናፊ ባዶ እጃቸውን አልቀረቡም፤ የሰነቁትም የእረኛውን ዜማና የያሬድን ስም ነበር። ስለዚህ በቢቸና፣ በጉንደ ወይንና በሞጣ ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ የሚያስተምር ሁሉ ትምህርቱን ተማሪው ከመስክ ይዞት ከሚመጣው ዋሽንት ቢጀምር፣ መሪጌታውንም በእንግድነት ጠርቶ ስለ ሦስቱ ዜማዎች ቢያስነግር፣ ከዚያም የኖታውን ሕግ በዚሁ ላይ ቢያንጽ፣ አሸናፊ የጀመሩትን ሥራ በእውነት ይቀጥላል። የድርሰቶቻቸው ጽሑፍም በኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች እጅ ሊገባ፣ በኢትዮጵያዊ መሪም በአገራቸው ምድር ደጋግሞ ሊሰማ ይገባዋል፤ በሀንጋሪ የተመሰገነ ልጅ ምስጋናው በእናት አገሩ ዘንድ ሊጎድል አይገባምና።