የአልጋው ቁመትስ?

ነገሩ የጀመረው እግሬ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ለንደን ስሄድ፣ አዘጋጆቹ አንዲት አነስተኛ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያዙልኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ94 ነው። (አይ፣ ቅርጫት ኳስ አልጫወትም። ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ።) አልጋዋ ደግሞ 1 ሜትር ከ90፣ ያውም ግርጌዋ በብረት የታጠረ። በሁለተኛው ቀን ወርጄ ለእንግዳ ተቀባዩ ነገርኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «አልጋችን እኮ ደረጃውን የጠበቀ ነው» አለኝ። እኔም ይቅርታ ጠይቄው ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ልብ በሉልኝ፤ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ!

ሥልጠናው ሲያልቅ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ገባሁና ከአንድ አልጋ ፊት ፈዝዤ ቀረሁ። «ታላቁ የዌር አልጋ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1590 ገደማ የተሠራ ባለ ዓምድ የኦክ አልጋ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ቁመቱ 3 ሜትር ከ38፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ26። ዌር ያኔ ከለንደን የአንድ ቀን መንገድ ነበረች፤ መንገደኛው የሚያድርባት ከተማ። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችም ገበያ ለመሳብ ይህን ጉድ ተከሉ። አራት ባልና ሚስት፣ ማለትም ስምንት ሰው፣ ሳይጨናነቅ ይተኛበታል ይባላል። ያደረው ሁሉ ስሙን እየቀረጸበት ሄዷል። ሼክስፒር እንኳን «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተሰኘው ተውኔቱ ጠቅሶታል። ሙዚየሙ የገዛው በ1931 ነው።

እኔ የቀናሁት በቁመቱ ነው። ዘመኑን ያስደነቀው ግን ወርዱ ነበር። ለምን ቢሉ፣ በዚያን ጊዜ አውሮፓና አሜሪካ መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ጋር አልጋ መጋራቱ የተለመደ ነበር። በ1776 ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጆን አዳምስ ከእንግሊዞች ጋር ሊደራደሩ ሲሄዱ፣ ኒው ብራንዝዊክ በምትባል ከተማ ማረፊያው ሞልቶ አንድ አልጋ ላይ አድረዋል። ሌሊቱን የተከራከሩት ስለ ነፃነት እንዳይመስላችሁ፤ መስኮቱ ይከፈት ይዘጋ በሚል ነው። እንግዲህ ለማረፊያው ባለቤት ትልቁ ጥያቄ «ስንት ሰው ይይዛል?» የሚል ነበር። የረዥም ሰው እግር የማንም ጉዳይ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል እናርም። «የጥንት አልጋ አጭር የሆነው ሰዉ አጭር ስለነበረና ቁጭ ብሎ ስለሚተኛ ነው» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ብዙዎቹ ባለ ዓምድ አልጋዎች ሲለኩ ግን ከዛሬው ብዙም አያንሱም፤ ዓምዱና መጋረጃው ከፍ ስለሚል ነው ዓይናችን የሚታለለው። በእርግጥ አጭር የነበረው ግድግዳ ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን የሚሠራው የሆላንዶች አልጋ ነው። እዚያ ሰዉ በትራስ ተደግፎ፣ ከፊል ተቀምጦ ይተኛ ነበር።

የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ የወደቀው እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው። ንጉሡ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ነበር። በ1697 የመርከብ ሥራ ሊማር ማንነቱን ደብቆ ዛንዳም የምትባል የሆላንድ ከተማ ገባና በአንድ አንጥረኛ የእንጨት ቤት ተከራየ። የዚያ ሁሉ አገር ጌታ ሳምንት ያህል የተኛው እንደ ሣጥን በተዘጋ የግድግዳ አልጋ ውስጥ ነው። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ አልጋውም ይታያል። በእኛ ቋንቋ «አልጋ» ዙፋንም ነው አይደል? ሰውዬው ሰፊውን አልጋ ትቶ ጠባቡን መረጠ።

ያልመረጠም አለ። ሚያዝያ 1865፣ ዋሽንግተን። አብርሃም ሊንከን ቲያትር ቤት ውስጥ በጥይት ሲመታ፣ ሐኪሞቹ ከመንገዱ ማዶ ወዳለ የኪራይ ቤት ተሸክመውት ገቡ። ክፍሉ የአንድ ተከራይ ወታደር ነበር። ሊንከን 1 ሜትር ከ93 ነው፤ አልጋው አልበቃውም። ከጥግ እስከ ጥግ አግድመው አስተኙት። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ከ22 ላይ ሞተ። አልጋው ዛሬ ቺካጎ ሙዚየም ውስጥ ነው። አሜሪካን ከመገንጠል ያዳነ ሰው የመጨረሻ ሌሊቱን እንኳን እግሩን አስተካክሎ አልዘረጋም።

ታዲያ መቼ ተለወጠ? ረዣዥሞቹ መናገር ሲጀምሩ ነዋ! በ1938 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በዲዝኒ ስቱዲዮ ሠዓሊ የነበረችው ኬይ ሰምነር የረዥም ሰዎችን ክበብ መሠረተች። ልብስ፣ ጫማ፣ አልጋ፣ ሁሉም አጠረን አሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ፍራሽ አምራቾች «ኩዊን» እና «ኪንግ» የሚባሉትን ገበያ ላይ አዋሉ፤ ቁመቱም ከ190 ወደ 203 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። «ካሊፎርኒያ ኪንግ» የሚሉት 213 ይደርሳል። ጴጥሮስን ሣጥን ውስጥ ያስተኛችው ሆላንድ ደግሞ ዛሬ በዓለም ረዣዥም ሕዝብ ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ ከ2003 ጀምሮ የአዲስ ቤት በር ቢያንስ 2 ሜትር ከ30 ይሁን ብላ በሕግ ደንግጋለች።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አልጋ ስንገዛ ምን እንላለን? «ዘጠና»፣ «ሜትር ከሃያ»፣ «ሜትር ከሃምሳ»። ሁሉም ወርድ ነው! ቁመቱን የሚጠራ የለም፤ 1 ሜትር ከ90 መሆኑን አናጺውም ገዢውም አምነው ተቀብለዋል። እኛም እንደ ዌር ሰዎች ስንት ሰው እንደሚይዝ እንጂ ማንን እንደሚይዝ አንጠይቅም።

ግሪኮች ፕሮክረስተስ ስለሚባል ወንበዴ ያወራሉ። ወደ አቴንስ በሚወስደው መንገድ ዳር እንግዳ እየተቀበለ አልጋው ላይ ያስተኛል፤ ያጠረውን ይስባል፣ የረዘመውን ይቆርጣል። የዛሬ እንግዳ ተቀባይ መጥረቢያ የለውም፤ «ደረጃውን የጠበቀ» የሚል ቃል ግን አለው። እኔም ይቅርታ ስጠይቅ እግሬን በገዛ እጄ ቆርጬ ማቀበሌ ነበር። ደረጃ ሰው ያወጣው ነው፤ ሰው ሲናገርም ይለወጣል።

ስለዚህ ረዣዥም ወገኖቼ፣ ከአገር ስትወጡ የአልጋውን ስም ሳይሆን ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ጠይቁ። እንግሊዝ አገር ተራው አልጋ 190 ነው፤ በቀሪው አውሮፓ 200 የተለመደ ነው። ግርጌው ያልታጠረ እንዲሆን ቀድማችሁ ጻፉ። ምንም ካልተገኘ የሊንከንን ዘዴ ተጠቀሙ፦ 135 በ190 የሆነ አልጋ ከጥግ እስከ ጥግ 233 ሴንቲ ሜትር ነው። ይቅርታ ግን አትጠይቁ።

እግራችሁን ዘርግታችሁ እደሩ።