የምክር ቤት አባላት ንግግርና የሕግ አስገዳጅነት፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በመደበኛ ስብሰባ፣ በቋሚ ኮሚቴ መድረክ ወይም ለመገናኛ ብዙኃን በሚሰጧቸው አስተያየቶች ስለ ግብር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጡረታና ስለ ሌሎችም የፖሊሲ ጉዳዮች ይናገራሉ። ንግግሩ ብዙ ሳይቆይ ወደ አገልግሎት መስጫ መስኮቶች ይደርሳል። «በምክር ቤት ተብሏልና ይፈጸምልኝ» ብሎ የሚቀርብ ተገልጋይ አለ። በሰማው ላይ ብቻ ተመሥርቶ ውል የሚያፈርስ፣ ተከራይ የሚያስወጣ ወይም በወቅቱ መክፈል የሚገባውን ግብር የሚያዘገይም ያጋጥማል። የዚህ ዓይነቱ ጉዳት በኋላ በማመልከቻ አይመለስም።

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ሲሆኑ፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። ማንኛውም አባል በምክር ቤቱ ስብሰባ በሚሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ ምክንያት አይከሰስም፤ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም። ይህ ጥበቃ የተሰጠው የተወካዩ አንደበት እንዳይታሰር ነው። ይሁንና በነፃነት የመናገር መብት የማዘዝ ሥልጣን ማለት አይደለም። አባሉ ብቻውን ተመን አያወጣም፤ ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤትም ሆነ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ አይሰጥም። የምክር ቤቱ ሥልጣን የሚሠራው በጋራ ነው፤ ይኸውም ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ በሚሰጥ ውሳኔ ነው።

ዜና ሲነበብ ወይም ሲደመጥ ግሱን መለየት አብዛኛውን ጥርጣሬ ያስወግዳል። «አባሉ ጠየቁ»፣ «አሳሰቡ» ወይም «ሊታሰብበት ይገባል አሉ» የሚለው አስተያየት ነው፤ በማንም ላይ ግዴታ አይፈጥርም። «ቋሚ ኮሚቴው አቅጣጫ ሰጠ» ሲባል ኮሚቴው በሚከታተለው አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ላይ የክትትልና የቁጥጥር ክብደት አለው፤ ተገልጋዩ ግን በእርሱ ብቻ አዲስ መብት አያገኝም። «ረቂቁ ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ» ማለት ሥራው ተጀመረ እንጂ አለቀ ማለት አይደለም፤ በዚህ ደረጃ አንቀጾች ሊለወጡ፣ ሊጨመሩ ወይም ሊወጡ ይችላሉ። «ጸደቀ» የሚለው ቃል ሲሰማ ምክር ቤቱ ወስኗል። ከዚያ በኋላ ሕጉ ለፕሬዚዳንቱ ለፊርማ ይቀርባል፤ በ15 ቀናት ውስጥ ባይፈረም እንኳ በሥራ ላይ ይውላል። በዚህ ረገድ አድማጩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ «ሊደረግ ነው» የተባለውን «ተደረገ» ብለው የሚያሰራጩ አርእስተ ዜናዎች የዘወትር ችግር ናቸው።

የፌዴራል ሕጎች የሚታወጁበት ጋዜጣ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ሲሆን፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ከተፈጠረ የአማርኛው ቅጂ የበላይነት አለው። ስለሆነም አንድ ተገልጋይ «ሕጉ ወጥቷል?» ብሎ ሲጠይቅ የአዋጁን ቁጥርና አዋጁ የሚጸናበትን ቀን መመልከት ይኖርበታል። ቀኑ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻዎቹ አንቀጾች ላይ ይገኛል።

ለአብነት የገቢ ግብርን እንውሰድ። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በወር እስከ 600 ብር ድረስ ከግብር ነፃ ነበር። ወለሉ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነው። በሁለቱ አዋጆች መካከል ባሉት ዓመታት የኑሮ ውድነት የደመወዝተኛውን አቅም ማዳከሙ በአደባባይም በምክር ቤትም ተነሥቷል። ንግግሮቹ ለለውጡ መንገድ ጠርገው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማሻሻያው እስኪጸና ድረስ ማንኛውም ቀጣሪ በቀድሞው ማስከፈያ መሠረት ከመቁረጥ ውጪ ምርጫ አልነበረውም። ንግግሩን ሰምቶ ተቀናሹን በራሱ ፈቃድ የቀነሰ ድርጅት ቢኖር ልዩነቱን ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይጠየቅበት ነበር።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም እንዲሁ ነው። ለመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ዝቅተኛው ዘመን ሁለት ዓመት ሆኖ የተደነገገው በአዋጁ ነው። አከራይም ሆነ ተከራይ ሊከራከር የሚገባው በድንጋጌው እንጂ በረቂቁ ውይይት ላይ በተሰማው አስተያየት አይደለም።

አዋጅ ሁሉንም ነገር አይዘረዝርም። ብዙውን ጊዜ ማመልከቻው ምን ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልገው የሚወስነው መመሪያ ነው። በፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፤ ከወጣም በኋላ ሊመዘገብና ለሕዝብ ይፋ ሊደረግ ይገባል። ተገልጋዩ «መመሪያው አይፈቅድም» ሲባል የመመሪያውን ቁጥር የመጠየቅ መብት አለው፤ ባለሙያውም ቢጠየቅ ሊከፋው አይገባም።

ይህ ሁሉ ግን የተወካዩ ንግግር ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። በአንድ አካባቢ ተደጋግሞ የሚደርስ በደል ወደዚያ መድረክ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ አባል ጥያቄ ነው። ጉዳዩን ለተወካዩ ማቅረብ የሚፈልግ መራጭ የተከለከለውን አገልግሎት፣ ያመለከተበትን ቀንና የተሰጠውን ምላሽ በጽሑፍ አያይዞ ቢያቀርብ ጥያቄው ክብደት ይኖረዋል፤ «ጉቦ በዝቷል» ወይም «ያንገላቱናል» የሚል ጥቅል አቤቱታ ለባለሥልጣን ጥያቄ ሆኖ ለመቅረብ ያስቸግራል።

ሆኖም ለተወካይ ማመልከት በሕግ የተቀመጠውን የቅሬታ መንገድ አይተካም። አስተዳደራዊ ውሳኔ የተሰጠበት ሰው በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ አካል ማቅረብ ይኖርበታል። በውሳኔው ካልረካ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የክለሳ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ የአስተዳደር በደልን በተመለከተም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። በሕግ የተወሰኑ የጊዜ ገደቦች ስለሚቆጠሩ፣ የምክር ቤቱን ምላሽ በመጠበቅ ቀን እንዳያልፍ ውሳኔው በደረሰበት ዕለት የደረሰኝ ቀን ያለበትን ቅጂ ማስቀረት ያስፈልጋል።