የሬጌ ባንድ ኮንሰርት ላይ ምን ይገጥማችኋል?

ጎንደር ወይም ባሕር ዳር የሬጌ ዝግጅት አለ በተባለ ቁጥር ከደባርቅና ከዳባት ልጆች በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ እዚያ ምንድን ነው ያለው? ቤተሰብ ሐሺሽ ነው እያለ ከለከለኝ።» ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ወላጆቻችሁም ያንብቡት።

ወላጆች ከመሬት ተነሥተው አይደለም የሚፈሩት። ጃማይካ ውስጥ ራስ ተፈሪያን ጋንጃን ከእምነታቸው ጋር አያይዘው ያጨሳሉ። ስማቸውን ደግሞ ከኛው ንጉሥ ነው የወሰዱት። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ወዲያው መውረድ እንኳ አልቻሉም ነበር። ይሄን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ስለዚህ ሬጌ የኛ ነው» የሚለው ወሬ ግን ለኔ አይዋጥልኝም። ጃንሆይ ባስ ጊታር አልመቱም! ሬጌ የኛ የሆነበት መንገድ ካለ በሙዚቀኞቻችን እጅ በኩል ነው የመጣው፤ እሱ ታሪክ ደግሞ ብዙ አይነገርም።

ነገሩ ቺካጎ ነው። ከሀገር የወጡ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ዳሎል የሚባል ባንድ ይዘው ሬጌ ይጫወቱ ነበር። ከነሱ አንዱ የባስ ተጫዋቹ ዘለቀ ገሠሠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ዋይልድ ሄር የሚባል የሬጌ ክለብ እዚያው ቺካጎ ተከፈተ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነው። ከዚያ የቦብ ልጅ ዚጊ ማርሌ እ.ኤ.አ. በ1988 «ኮንሸስ ፓርቲ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ አጃቢዎቹ እነዚሁ የዳሎል ልጆች ሆኑ። አልበሙን ያቀናበሩት ቶኪንግ ሄድስ ከሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። በቀጣዩ ዓመት አልበሙ በሬጌ ዘርፍ ግራሚ ተሸለመ። እስቲ አስቡት፤ የጃማይካ ልጅ ይዘፍናል፣ የኒውዮርክ ሮከሮች ያቀናብራሉ፣ ከሥር ባሱን የያዘው ሐበሻ ነው። እኛ ያን ጊዜ በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ላይ ነበርን፤ ማን ሰምቶ!

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታስታውሱታላችሁ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ 60ኛ ልደት መስቀል አደባባይ ላይ ተከበረ። እነ ጆኒ ራጋና እዮብ መኰንን በአማርኛ ሬጌ ወጡ። እዮብ ነፍሱን ይማር፣ ነሐሴ 2005 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ አረፈ። አባቶቻችሁ ሬጌን የሚጠሉ ከሆነ የእዮብን «እንደ ቃል» አንድ ምሽት ክፈቱላቸው። ዝምታ ያለው፣ ጨዋ ዘፈን ነው፤ ስድብም ዕፅም አታገኙበትም። በሮኩ በኩል ደግሞ ጃኖ ባንድ መጣ። ያሰባሰበው አዲስ ገሠሠ ሲሆን ቀደም ሲል ከዚጊ ማርሌ ጋር የሠራ ሰው ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው ስሙ «ኤርታሌ» ነው። አንዱ ዳሎል፣ አንዱ ኤርታሌ፤ ሙዚቀኞቻችን ስም ሲፈልጉ ለምን ሁልጊዜ ወደ አፋር ቃጠሎ እንደሚወርዱ አይገባኝም። ስሜንም እኮ ተራራ አለን!

እንግዲህ መድረኩ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትሰሙት በጆሯችሁ ሳይሆን በደረታችሁ ነው፦ ባሱን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያላችሁ ቁጠሩ። ሌላው ዘፈን አንድ ላይ ይመታል። ሬጌ ውስጥ «ዋን ድሮፕ» በሚባለው አመታት ግን አንድ ላይ ከበሮው ዝም ይላል፤ ክብደቱ ሦስት ላይ ይወድቃል። ጊታሩ ሁለትና አራት ላይ «ቸክ» ይላል። ለዚህ ነው ጉልበት ቀስ ብሎ የሚታጠፈው። ዜማውን ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ የምታውቁት ትዝታ ወይም አምባሰል ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከመሃል ላይ ደግሞ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ሕዝቡ ሲሞቅ ድራመሩ አራቱን ምት ትቶ ወደ ስድስት ይገባል። ችክችካ! እጅ ከፍ አድርጎ ሲወዛወዝ የነበረው ሁሉ ትከሻውን ይፈታል። ይሄን ጥሩ ሙዚቀኛ አስቦበት ነው የሚያደርገው። ኃይሌ ሩትስ ችክችካንና ሬጌን አዋህዶ ስልቱን «ቺጌ» ብሎ ሰይሞታል፤ ለኔ ከሁሉም የበለጠ ሐቀኛ ስም ነው። ጃማይካዊ ነኝ አላለም።

ዘፋኙ ማይኩን ወደናንተ ሲያዞር አትፈሩ። ዳባት ሠርግ ላይ አዝማሪ ሲዘፍን ትቀበሉ የለ? ያው ነው። ልዩነቱ አዝማሪው ዓይናችሁን አይቶ በስማችሁ ይገጥማል፣ እናንተም ግጥም ትሰጡታላችሁ፣ ብር ግንባሩ ላይ ትለጥፋላችሁ። እዚህ ግጥሙ አልቆ የመጣ ነው፤ የናንተ ድርሻ መመለስ ብቻ ነው። በዚህ በኩል አዝማሪው ይበልጣል ባይ ነኝ፣ ተከራከሩኝ።

የሚያጨስ ሰው አይጠፋም፤ ሠርግ ላይም ሰካራም አይጠፋም። እናንተ ከጓደኛ ጋር ሂዱ፣ ፊት ለፊት ስፒከሩ ሥር አትቁሙ፣ ጆሮ ያማል። በሁለት ሰዓት ይጀመራል ከተባለ ሦስት ሰዓት ተኩልም ሊሆን ስለሚችል እራት በልታችሁ ግቡ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፤ በሌሊት ወደ ደባርቅ ልመለስ አትበሉ፣ ጎንደር ዘመድ ቤት እደሩ። ጋቢም ያዙ፤ ላብ ካላባችሁ በኋላ ከዳባት በላይ ያለውን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ።