የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት፦ ምልክቱ የማን ነበር?

ኖቬምበር 4 ቀን 2008 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ባራክ ኦባማ ጆን ማኬይንን 365 ለ173 በሆነ የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፅ አሸንፈው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በአባታቸው አገር በኬንያ ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ሥራ የሚዘጋበት በዓል አወጁ። አሜሪካ የዘርን ነገር ተሻገረች የሚል አስተያየትም ወዲያው በየጋዜጣው ይነበብ ጀመር። ከድምፅ መስጫ ጣቢያ ከሚወጡ መራጮች የተሰበሰበው መጠይቅ የሚናገረው ግን ሌላ ነበር፤ ከጥቁሮች 95 በመቶ ያህሉ ኦባማን ሲመርጡ ከነጮች የመረጧቸው 43 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። አብላጫው ነጭ መራጭ ያልመረጣቸው ሰው እንዴት የመላ አገሪቱ የስርየት ምልክት ሊሆኑ ቻሉ?

የፖለቲካ ፈላስፋዋ ሐና ፒትኪን በ1967 ባሳተሙት የውክልና ጥናት ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ ልዩነት አስቀምጠዋል። ተወካይ የወከለውን ሕዝብ በመልክ ሊመስለው ይችላል፤ ምልክት ሊሆንለት ይችላል፤ ጥቅሙን ሊያስከብርለትም ይችላል። ሦስቱ የግድ አብረው አይሄዱም። ምልክትነት በተለይ የሚያርፈው በተመልካቹ እምነት ላይ ነው። የእኔም መከራከሪያ ከዚህ ይነሣል፦ በ2008 የተወለደው ምልክት የኦባማ ንብረት አልነበረም። ወዳጅም ባላንጣም፣ ዳኛም የውጭ አገር ሰውም እንደየፍላጎቱ ተጠቅሞበታል።

የመጀመሪያ መሆን ለሁለተኛው ዋስትና እንደማይሆን የአሜሪካ ታሪክ ቀድሞ አሳይቷል። ሃይረም ሬቭልስ በ1870 ሚሲሲፒን ወክለው የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሆኑ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የተከፈተው በር ግን ብዙ አልቆየም። የደቡብ ግዛቶች በድምፅ ሰጪ ግብር፣ በማንበብና መጻፍ ፈተናና በለየለት ሽብር ጥቁሩን ከምርጫ ሳጥን አራቁት። ጥቁሩ እንደራሴ ጆርጅ ኋይት በ1901 ከኮንግረስ ሲሰናበቱ እስከ 1929 ድረስ አንድም ጥቁር አልተተካም።

ይህን የለወጠው የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ነው። በሚሲሲፒ ከሕጉ በፊት ለመምረጥ የተመዘገቡት ጥቁሮች 7 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 60 በመቶ ደረሱ። ያለዚህ ሕግ የኦባማ መመረጥ የሚታሰብ አልነበረም። ሆኖም በ2013፣ እሳቸው በዋይት ሐውስ ተቀምጠው ሳለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሸልቢ ካውንቲ ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የሕጉን ዋና ክንድ ሰበረው። የመድልዎ ታሪክ ያላቸው ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመለወጣቸው በፊት የፌዴራሉን ይሁንታ እንዲጠይቁ የሚወስነው ቀመር ጊዜ ያለፈበት ነው ተባለ። አብላጫዎቹ ዳኞች ያቀረቡት ምክንያት ደቡቡ ተለውጧል፣ የጥቁሮች ምዝገባ ከነጮች ጋር ተቀራርቧል፣ ከአናሳዎች ወገን የሚመረጡትም ከምንጊዜውም በላይ በዝተዋል የሚል ነበር። ፍሬው ግንዱን ለመቁረጥ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ቴክሳስ ታግዶባት የነበረውን የመራጮች መታወቂያ ሕግ ሥራ ላይ እንደምታውል ለማስታወቅ አንድ ቀን እንኳ አልወሰደባትም።

ምልክቱ ባዶ ነው ብለው የሚያጣጥሉትን ግን አልከተልም። በ2012 ምርጫ ድምፅ ከሰጡት ጥቁር ዜጎች ድርሻ (66 በመቶ ገደማ) የነጮቹ (64 በመቶ ገደማ) አነሰ፤ የሕዝብ ቆጠራው ቢሮ እንዲህ ያለ ነገር መዝግቦ አያውቅም ነበር። ይህን ያህል ሰው ለሰዓታት እንዲሰለፍ ያደረገ ነገር ተራ ስሜት ሊባል አይችልም። ስማቸው ከድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ በጠፋበት በ2016 ግን የጥቁሮቹ ድርሻ ወደ 60 በመቶ ወረደ። ጉልበቱ የምልክቱ እንጂ የፓርቲው እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ተሸካሚውስ ምን አተረፉ? የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ፍሬድሪክ ሃሪስ በ2012 ባወጡት መጽሐፍ እንደተከራከሩት የኦባማ መመረጥ ዋጋ ስለ ዘር ጉዳይ ዝምታ ነበር። በ2009 የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ በገዛ ቤታቸው በፖሊስ ሲያዙ ኦባማ ድርጊቱን ነቀፉ፤ ቁጣው ስለበረታባቸው ነገሩ ፕሮፌሰሩንና ፖሊሱን ዋይት ሐውስ ጋብዘው ቢራ በማጠጣት ተቋጨ። በቀጣዩ ዓመት የጥቁሮች ሥራ አጥነት ከ16 በመቶ ሲያልፍ ለእነሱ ብቻ የታለመ መርሐ ግብር አልወጣም። በ2011 ደግሞ፣ ዶናልድ ትራምፕ በአደባባይ ያራገቡትን አሜሪካ አልተወለዱም የሚል ጥርጣሬ ለመመለስ፣ የልደት የምስክር ወረቀታቸውን እስከ ማሳየት ደረሱ። ከእሳቸው በፊት ከነበሩት ፕሬዚዳንቶች ማን እንዲህ ተጠየቀ?

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። በ2008 ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዴሞክራት እጩ ስትመርጥ በሰሜናዊ ክፍሏ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለኦባማ ቀስቅሰዋል። ኦባማ በጁላይ 2015 አዲስ አበባ ሲገቡ በሥልጣን ላይ ሳሉ ኢትዮጵያን የጎበኙ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት መቀመጫ ከወሰዱ ሁለት ወር ገደማ ሆኖ ነበር። ከጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ጋር በሰጡት መግለጫ መንግሥቱን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ አሉት፤ እንደ ወገን ሲጠብቃቸው የነበረው ብዙ ሰው አዘነ። በማግስቱ በአፍሪካ ኅብረት የማንዴላ አዳራሽ ከሥልጣን አንወርድም የሚሉ መሪዎችን ፊት ለፊት ወቀሱ። በመጀመሪያው ቀን የተናገረው አል ሸባብን ለመውጋት የኢትዮጵያን ጦር የሚፈልገው የአሜሪካ መንግሥት ነው፤ የሁለተኛውን ቀን ወቀሳ ግን ከእሳቸው በፊት ከነበሩት 42 ፕሬዚዳንቶች አንዱ ቢሰነዝረው ኖሮ አዳራሹ በጭብጨባ የሚቀበለው አይመስለኝም።