ብቻን ለመኖር ፈቃድ ከማን ይገኛል?

መቼም ይህን ያላለ የአዲስ አበባ ሰው ማግኘት ይከብዳል፦ «ጡረታ ስወጣ ከተማውን ጥዬ ገጠር እገባለሁ።» አንዳንዱ ጡረታውንም አይጠብቅም። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ የቤት ኪራይ ቀን እየቆጠረ፣ በሐሳቡ ከጣና ማዶ አንዲት ጎጆ ቀልሷል። ሁለት ላም፣ አንድ ውሻ፣ ጥቂት መጻሕፍት። ጎረቤት? ራቅ ያለ። ስልክ? ኔትወርክ የለም። እንዴት ያለ ኑሮ ነው!

ሕልሙን ልነጥቃችሁ አይደለም። ሕልሙ ግን ከፈረንጅ ፊልም የተቀዳ ይመስለናል፤ እዚህ ላይ እንሳሳታለን። «ይብቃኝ» ብለው ዘወር ያሉ ሰዎች ታሪክ በአገራችን ረጅም ነው፤ ንጉሥም አለበት፣ እቴጌም አለችበት፣ ስሟ ያልተጻፈ ባልቴትም አለችበት። ያንን ታሪክ ጠጋ ብሎ ላየው፣ ከጎጆውና ከላሞቹ በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ አንተ ሰውን ትተህ ስትሄድ፣ ሰውስ አንተን ይተውሃል ወይ?

ዘውዱን አሰናብቶ የሄደ

ከአፄ ካሌብ እንጀምር። በ6ኛው መቶ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ነበሩ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሒምያር ላይ፣ ማለትም የዛሬዋ የመን ላይ፣ የዘመቱት እሳቸው ናቸው። ድሉ ታላቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው ግን ካሌብ ከድሉ በኋላ ዙፋኑን ለልጃቸው ለገብረ መስቀል ለቀቁ፤ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ፤ ራሳቸው ደግሞ ከአክሱም ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ወዳለው ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገቡ። ጰንጠሌዎን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ነው፤ በጠባብ ጾማዕት ውስጥ 45 ዓመት ቆሞ ጸለየ ተብሎ ይነገርለታል። ከቤተ መንግሥት ወደዚያ!

ከትውፊቱ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ የዘውዱ ጉዳይ ነው። ካሌብ ዘውዱን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው አላስቀመጡም፤ «ምናልባት እመለስ ይሆናል» አላሉም። ዘውዱ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ኮረብታው ላይ ያሉትን ሽማግሌ ፈልጎ የሚመጣ ጠላትም ሆነ አማካሪ ምክንያት አልቀረለትም። በሰላም የተተዉት፣ ሊፈለጉበት የሚችሉበትን ነገር ሁሉ አስቀድመው ስለተዉ ነው።

ደሴቱ ያላስጣላቸው

አሁን ወደ ጎንደር፣ ከሺህ ዓመት በላይ ወደ ፊት እንዝለል። አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ታላቁ ኢያሱ የምንላቸው፣ ከ1674 ዓ.ም. ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ነግሠዋል። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ፣ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ዘመቻ የወጡ፣ እረፍት የማያውቁ ሰው ነበሩ። በዘመናቸው መጨረሻ ላይ በጣም የሚወዷት ሴት ቅድስተ ክርስቶስ ሞተችባቸው። ኢያሱ በሐዘን ተሰበሩ። ቤተ መንግሥቱን ተዉና ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለ ደሴት ሄዱ።

ማንም ሐዘንተኛ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት፤ ትንሽ ብቻዬን ተዉኝ አሉ። ልዩነቱ ዘውዱን እንደ ካሌብ አላሰናበቱትም። ጎንደር ላይ የቀሩት ባለሥልጣናት የንጉሡን ዝምታ እንደ ባዶ ወንበር ቆጠሩት። «ንጉሡ መንግሥቱን ትቷል» ተባለና፣ በእናቱ በመለኮታዊት ደጋፊነት፣ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በ1698 ዓ.ም. ነገሠ። ይህም አልበቃም። በሕይወት ያለ ንጉሥ፣ ደሴት ላይም ቢሆን፣ ለአዲሱ ንጉሥ እንቅልፍ አይሰጥም። በ1699 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመለኮታዊት ወገኖች በታንኳ ተሻግረው የታመሙትን ኢያሱን እዚያው ደሴቱ ላይ ገደሏቸው።

ልጁም ብዙ አልቆየም፤ ሁለት ዓመት ያህል ነግሦ በቤተ መንግሥት ሰዎች እጅ ሞተ። ታሪክ «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ብሎ ስም ሰጠው። ተከትለው የነገሡት የኢያሱ ወንድም አፄ ቴዎፍሎስ ደግሞ የገዳዮቹን ደም ተበቀሉ።

እንግዲህ ውሃ የከበበው ደሴት ካላስጣለ ምን ያስጥላል? ርቀት ብቻውን አልበቃም። በሐዘን ጊዜ ዘወር ማለትና ሥልጣንን ማስረከብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ኢያሱ የመጀመሪያውን አደረጉ፣ ሌሎቹ ሁለተኛውን አደረጉባቸው።

ወደ ኮረብታው የተመለሱት እቴጌ

ሦስተኛዋ ለከተማችን በጣም ትቀርበናለች። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አካባቢ ቤት ባያሠሩ ኖሮ፣ በ1879 ዓ.ም. «አዲስ አበባ» ብለው ባይሰይሟት ኖሮ፣ ዛሬ ጥለናት ልንሄድ የምንመኛት ከተማ ባልኖረች ነበር። ከተማዋ የተወለደችው እሳቸው ከኮረብታው ሲወርዱ ነው።

አፄ ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ አገሩን በብዛት የያዙት ጣይቱ ነበሩ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ተሰብስበው ከሥልጣን አስወገዷቸው፤ «ከእንግዲህ ባልሽን አስታሚ» ነበር የነገሩ ጭብጥ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። የቀድሞዋን መናገሻ ሕዝቡ ለቆላት ወርዷል፤ የቀረው ብርድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ዝምታ ነው። ከታች ደግሞ ራሳቸው የሰየሟት ከተማ እያደገች ትታያለች።

ጡረታ ነው እንበለው? በኅዳር 1910 ዓ.ም. ጣይቱ የመጨረሻ ዘመናቸውን ጎንደር ሄደው ለማሳለፍ ፈቃድ ጠየቁ። ያኔ የስድሳ አምስት ዓመት ገደማ ሴት ናቸው፤ ጦር የላቸውም፣ ሥልጣን የላቸውም። የጠየቁት ወደ ዘመዶቻቸው አገር መግባት ብቻ ነው። አልተፈቀደላቸውም። የሰገሌ ጦርነት ካለፈ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቤተ መንግሥቱ የጣይቱ ወገን ጉልበት ያለው በሰሜን መሆኑን ያውቃል። ከሦስት ወር በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ እዚያው እንጦጦ ላይ አረፉ።

ኮረብታው ያው ኮረብታ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ለመሮጥና ንጹሕ አየር ለመሳብ የምንወጣበት። ወደፈለጉት እንዳይሄዱ ለተከለከሉት ሴት ግን ንጹሕ አየሩ ምን ይጠቅማል?

ቆብ የሚሠራው ሥራ

«የነገሥታቱን ተወው፤ እኔ ዘውድ የለኝ፣ ማን ይፈልገኛል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ስለዚህ ስለ ተራው ሰው እናውራ።

ተራው ሰው ሲያረጅ ዘወር የሚልበት የታወቀ መንገድ ነበረው፤ ቆብ መድፋት። ልጆች ተድረው ሲያልቁ፣ ባል ወይም ሚስት ሲሞት፣ ሰውየው ይመነኩሳል፤ ሴቲቱም እንዲሁ። በምንኩስናው ሥርዓት ላይ ለሞተ ሰው የሚጸለየው ጸሎት ይጸለይለታል፤ ለዓለም ሞቷልና። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ሁሉም በጋራ ሠርቶ በጋራ ወደሚበላበት ወደ አንድነት ገዳም ይገባል። አንዳንዱ እያንዳንዱ የራሱን ቤትና ቀለብ ወደሚይዝበት ወደ ቁሪት ገዳም ይሄዳል። የጨከነው ዋልድባ ይወርዳል፤ እዚያ እህል አይቀመስም፣ ምግቡ ቋርፍ ነው። ብዙዎቹ ባልቴቶች ግን የትም አልሄዱም፤ በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ትንሽ ጎጆ ይዘው ቀሩ።

ይህን ከእምነቱ ጎን ብቻ ካየነው አንድ ነገር ያመልጠናል። ገጠር፣ እኛ ከተሜዎች እንደምናስበው፣ ብቸኛ ሰው የሚመቸው ቦታ አይደለም። ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ደቦ አለ፣ እርቅ አለ። ብቻዋን የምትኖር፣ ያላገባች፣ ማንም ቤት የማትሄድ ሴት መንደሩን ታሳስበዋለች፤ «ምን ሆና ነው?» ይባላል። ቆቡ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበር። ያደረገችውን ሴት ማንም «ለምን አታገቢም?» አይላትም፤ «ለምን ብቻሽን?» አይላትም። ለሴት ልጅ ብቻዋን ለመኖር ከነበሩት ጥቂት የተከበሩ መንገዶች አንዱ ይህ ነበር። ቆቡ መንደሩ የሚያውቀው የፈቃድ ወረቀት ነው።

ሁለተኛ ድጋፍም ነበረ፤ ርስት። በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ በእናትም ሆነ በአባት በኩል ከአቅኚው አባት የሚወለድ ሰው፣ ለዓመታት ርቆ ቢቆይ እንኳን ተመልሶ ድርሻዬን ማለት ይችል ነበር። ሙግቱ ረጅም፣ ዘመዱም የሚቆጣ ቢሆንም መብቱ ግን ነበረ። «አገሬ እገባለሁ» ማለት ናፍቆት ብቻ ሳይሆን የሚያርፉበት መሬት ያለው ንግግር ነበር።

ያው ተራራ፣ ሁለት ዓይነት ብቸኝነት

ወሎ ውስጥ የመስቀል ቅርጽ ያለው አንድ አምባ አለ፤ ግሸን። በመካከለኛው ዘመን የነጋሢው ዘር ወንዶች ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ ይታሰሩ ነበር። ወደ ላይ የሚያስወጣው መንገድ ይጠበቃል፤ ብዙዎቹ እዚያው ኖረው እዚያው ሞቱ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለንግሥና የተጠሩት ከዚያ ነው። ጸጥታ? ሞልቷል። ተፈጥሮ? ሞልቷል። እስር ቤት ነበር።

ወደዚሁ አምባ በ1930ዎቹ ማለቂያ ላይ አንዲት ወጣት ሴት በራሷ ፈቃድ ወጣች። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር ገብሩ፣ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም። በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን ተግዘዋል። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሙዚቃ አጠኑ። ቀጥሎ ለንደን ሄደው ለመማር የተከፈተላቸው ዕድል ፈቃድ አጣና ተዘጋ። የከተማዋ የተማረች፣ የታወቀች ወጣት ሁሉን ትታ ግሸን ማርያም ገባች። አሥር ዓመት ያህል ጫማ ሳያደርጉ፣ በጭቃ ጎጆ ኖሩ።

የታሪኩ ቁም ነገር ግን ያለው መመለሻው ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ እማሆይ ከአምባው ወርደው አዲስ አበባ እናታቸው ቤት ገቡ። ማንም «ወጥተሻልና አትወርጂም» አላላቸውም። ፒያኖውን መልሰው ነኩት፤ በ1950ዎቹ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ጀርመን ውስጥ አስቀረጹ፤ ገቢውም ለችግረኞች ነበር። በ1970ዎቹ ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ሄዱ፤ እዚያው ትንሽ ክፍል ውስጥ ከፒያኖአቸው ጋር ኖረው መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ገዳሙ ቀለብና ከለላ ሰጣቸው፤ ቆቡ ለሰዎች ጥያቄ መልስ ሰጠላቸው፤ የእናታቸው ቤት ደግሞ ክፍት በር ነበር። ለመሳፍንቱ እስር ቤት የነበረው ተራራ ለእሳቸው ነፃነት የሆነው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው።

ለእኛ የቀረን

ወደ እኛ ስንመጣ ሒሳቡ ተቀይሯል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ ሲያወጣ የድሮውን ርስትም አብሮ ዘጋ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የስድሳ ዓመቱ የአዲስ አበባ ጡረተኛ ኪሱ ቢሞላ እንኳን ከገበሬ ማሳ ገዝቶ ጎጆ የሚቀልስበት ሕጋዊ መንገድ የለውም። በአያቱ ስም ድርሻዬን የሚልበትም የለም።

በምትኩ አያቶቻችን ያልነበራቸው ነገር መጣ። ከ2003 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛም የጡረታ ባለመብት ሆኗል፤ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይቀመጥለታል። በወር የምትመጣዋ ገንዘብ ትንሽ ብትሆንም ያለ ልጅና ያለ ገዳም የምትበላ እንጀራ ናት። ደብዳቤ ሳይኖረው፣ ጡረታ ሳይከፈልለት በየቦታው የሚሠራው ወጣት ግን ይህችም የለችውም። ስለዚህ ወዳጄ፣ ጎጆውን ከማለምህ በፊት ቀጣሪህ ስምህን ማስመዝገቡን ጠይቅ፤ ከሁለቱ ላሞች ይልቅ ያቺ ወረቀት ትቀድማለች።

ቆቡን የሚተካ ግን እስካሁን አላገኘንም። ያለ ምንኩስና፣ ያለ ትዳር፣ ያለ ልጅ፣ በፈቃዷ ብቻዋን መንደር ውስጥ ለምትቀመጥ ሴት ስም የለንም፤ «ምስኪን» ወይም «ምን ሆና ነው» ብቻ ነው ያለን። ከተማው የሚያታክተንን ያህል ይህን ጥያቄ ሳይጠይቀን ያሳድረናል፤ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ለምትኖረው ጎረቤታችን የሰጠነው ትንሽ ስጦታ ይኸው ነው። ገጠሩም እንዲሰጣት ከፈለግን ልማዱን የምንጀምረው ዛሬ እዚሁ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ስናይ በሩን አንኳኩተን ጤንነቱን ጠይቀን፣ ምክንያቱን ሳንጠይቅ በመመለስ።