በሞንትጎመሪ አድማውን ማን አዘጋጀው?

የሮዛ ፓርክስን ታሪክ ልጆቻችንም ያውቁታል። አንዲት የደከማት ልብስ ሰፊ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በአላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም አለች፤ ታሰረች፤ ሕዝቡም አውቶቡስ መሳፈር አቆመ። ይሄ አተራረክ እኔን ያስቸግረኛል። ፓርክስ ለጥቁሮች መብት በሚታገለው ማኅበር የከተማዋ ቅርንጫፍ ውስጥ ለዓመታት ጸሐፊ ነበረች፤ ትግሉን ያን ቀን አልጀመረችም። አድማውም እንዲሁ ድንገት የመጣ አይደለም።

በሜይ 1954 የጥቁር ሴቶች ማኅበር መሪ የነበረችው ጆ አን ሮቢንሰን ለከንቲባው ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ከተሳፋሪው ሦስት አራተኛው ጥቁር ነው፣ አያያዙ ካልተሻሻለ ሕዝቡ አውቶቡሱን ሊተወው ይችላል ብላ አስጠነቀቀች። ሮቢንሰን በአላባማ ስቴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። ፓርክስ በታሰረችበት ሌሊት ወደ ኮሌጁ ሄዳ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የአድማ ጥሪ በማባዣ ማሽን ስታባዛ አደረች። ኮሌጁ የመንግሥት ስለሆነ ቢታወቅባት እንጀራዋን ልታጣ ትችል ነበር። በማግስቱ ወረቀቱ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሱቁና በየጸጉር ቤቱ ተበተነ። የ26 ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ መሪ ሆኖ የተመረጠው እንግዲህ ከዚህ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

አድማው 381 ቀን ቆየ። መጀመሪያ የጥቁሮች ታክሲዎች በአውቶቡስ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም፣ ይጭኑ ነበር፤ ከተማው ይህን ሲያግድ 300 ያህል መኪናዎች ተሰባስበው ሰው ማመላለስ ጀመሩ። ለቤንዚን ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ወጥ ቤት ከሌሎች ሴቶች ጋር ዶሮና ኬክ እየሸጠች ታዋጣ ነበር። ብዙዎቹ በነጮች ቤት ተቀጣሪ ስለነበሩ ስማቸው እንዲወጣ አይፈልጉም፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል መልሱ «ከየትም» ነው። ማኅበራቸውንም በዚሁ ስም ጠሩት።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የክሎዴት ኮልቪን ነገር ነው። የ15 ዓመት ተማሪ ሳለች፣ ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ በዚያው ከተማ መቀመጫ አልለቅም ብላ በፖሊስ ተጎትታ ወርዳለች። መሪዎቹ ግን ለአድማ መነሻ አላደረጓትም። ልጅ ናት፣ ስሜታዊ ናት ተባለ፤ በኋላም አረገዘች። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ሙግት ላይ ጠላት የሚይዘውን ሰበብ መፍራት ያለ ነው። ግን ዋጋውን የከፈለችው እሷ ነች።

የአውቶቡሱን ሕግ የጣለው ክስ ደግሞ የፓርክስ አልነበረም። ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ በፌብሩዋሪ 1956 ጉዳዩን ለፌደራል ፍርድ ቤት ሲያቀርብ ከከሳሾቹ ሴቶች አንዷ ኮልቪን ነበረች፤ ቆማ መሰከረች። በጁን ረቱ፣ በኖቬምበር 13 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው፣ በዲሴምበር ሕዝቡ ደስ ባለው ወንበር ተቀመጠ። በልጅነቷ የተከፈተባት የወንጀል መዝገብ የተሰረዘው ግን በ2021 ነው፤ 82 ዓመት ሞልቷት።